ሳሌሃ የደበቀቻቸው ሦስት ጣቶች

ስልኩ ሲጮህ ሳሌሃ የአንዲት ሚዜ እጅ ይዛ ጥፍር እየለጠፈች ነበር። የደዋይዋን ስም ስታይ ልቧ ደነገጠ። ፈቲሀ ነበረች፤ የሙዝደሊፋ እህት፣ ከወልቂጤ። ሳታነሳው ተዘጋ። ወዲያው እንደገና ጮኸ።

«አንሺው እንጂ፤ ስልክ አይነክስሽም» አሏት የሳሎኑ ባለቤት እትዬ አደይ፣ የደንበኛ ፀጉር እየጠቀለሉ።

አነሳችው።

«አሰላሙ አለይኪ፣ ሳሌሃዬ» አለች ፈቲሀ። ድምጿ ለቅሶ ለቅሶ ይል ነበር። «እሁድ ሠርጌ ነው። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁትን ጥፍር ትናንት ለጥፌ ዛሬ ጠዋት አራቱ ወደቁ። አንዱን ያገኘሁት ሽሮ ውስጥ ነው። ያንቺ ግን የተመረቅሁ ጊዜ ሁለት ሳምንት ቆይቶልኛል። ነይልኝ።»

«እናትሽ ቤት ምን ብዬ ነው የምመጣው ፈቲ?»

«ሙሽራዋ እኔ ነኝ። ማንን እንደምጠራ እኔ ነኝ የማውቀው።» ፈቲሀ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው እኔ ልንገርሽ። ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ ሽማግሌ ወደ አገና ይሄዳል። ለሙዝዴ። እማ የመረጠችለት ልጅ አለች።»

ሳሌሃ ስልኩን ዘጋች። የሚዜዋን ጣት ከልክ በላይ ጨብጣ እንደነበር ያወቀችው «እህቴ፣ አመመኝ» ስትላት ነው።

*

ሙዝደሊፋ የወልቂጤው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ የሐጂ ሳላሀዲን ልጅ ነው። አባቱ ቡታጅራ ላይ ሱቅ ከፍተው እንዲመራላቸው ላኩት። ሱቁ ከእትዬ አደይ ሳሎን ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ ማዶ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጨርቅ እየለካ ቀና ሲል በመስታወቱ ውስጥ ሳሌሃ ትታየዋለች፤ አንገቷን ደፍታ የሰው እጅ ይዛ። እሷም ቀና ስትል እሱን ታየዋለች። አንድ ቀን ለአንዲት እናት ግማሽ ሜትር አስበልጦ ቆረጠላቸው። በማግስቱም ደገመው። ሴትዮዋ መርቀውት ወጡና መንገዱን ሲሻገሩ በሳሎኑ በር በኩል «ልጄ፣ ሁለተኛ ወደዚያ አትዪ፤ ልጁ ሱቁን አራግፎ ይጨርሰዋል» ብለው ሳሌሃን አሳቋት።

እሷ የቆጮ ነጋዴ ልጅ ናት። እናቷ ቡታጅራ ገበያ ላይ ቆጮ ሸጠው ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች ገብስ ልታስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄዳ፣ ወፍጮውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የሻሿን ጫፍ ያዘው። ሻሿን አስጥላለሁ ስትል ቀኝ እጇ ገባ። ጣቶቿ ተረፉ። የሦስቱ ጥፍሮች ግን፣ የሌባ ጣቷ፣ የመሃል ጣቷና የቀለበት ጣቷ፣ ከነሥራቸው ተነቀሉ። በኋላ የበቀለውን ጥፍር ማለት ይከብዳል፤ የጠቆረ፣ የተጣመመና የሻከረ ነገር ነው። ትምህርት ቤት «ጅቢት» ብለው ስም አወጡላት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እጇ ከእጅጌዋ አይወጣም ነበር።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የሚለጠፍ ጥፍር የገዛችው ለመዋቢያ ብላ አልነበረም። በተጣመመ ጥፍር ላይ ሙጫ እሺ አይልም። ስንት ጊዜ ታክሲ ውስጥ፣ ስንት ጊዜ ሰው ፊት ወድቆባት ጣቷን ጨብጣ ሸሽታለች። እንዳይወድቅ ማድረግን የተማረችው እንዲህ ነው። የት ላይ እንደሚሻከር፣ ሙጫው ምን ያህል ስስ መሆን እንዳለበት፣ ምን ያህል ተጭኖ እንደሚቆይ በራሷ እጅ ላይ ለየች። ይህ እውቀት በኋላ እንጀራ ሆናት። ደንበኛ ሁሉ የሚያውቀው ቡታጅራ ላይ የሳሌሃ ጥፍር እንደማይወድቅ ነው። ለምን እንደማይወድቅ የሚያውቁት እናቷ ብቻ ነበሩ።

ሶላቷን አትተውም። ከሶላት በፊት በሚደረገው ትጥበት፣ በዉዱእ፣ ውሃው ራሱን ጥፍሩን መንካት አለበት። ሌሊቱ ሲነጋ ሰግዳ፣ ዉዱእዋ ሳይፈታ ጥፍሯን ትለጥፋለች። ቀትር ላይ አዛን ሲል ወደ ቤቷ ትሮጣለች። በሞቀ ውሃ ዘፍዝፋ ትነቅላለች፣ ዉዱእ ታደርጋለች፣ ትሰግዳለች፣ መልሳ ለጥፋ ትመለሳለች። ምሳ የምትበላው በሩጫ ላይ ነው።

ከሙዝደሊፋ ጋር የነበረው ነገር የተበላሸው በአረፋ ነው። ከእናቴ ጋር ላስተዋውቅሽ ብሎ ወልቂጤ ወሰዳት። ቤቱ ከአዲስ አበባ በመጣ ዘመድ ተሞልቶ ነበር። የእጅ ውሃ ሲዞር ሳሌሃ የጣቷን ጫፍ ብቻ አስነክታ መለሰች፤ ምግቡንም በማንኪያ በላች። የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ደረሰና ሴቶቹ ወደ ጓሮ ለዉዱእ ሲወጡ «እናንተ ቅደሙ» ብላ ተቀመጠች። እናቱ ሐጃ ከድጄ ከጓሮ ሲመለሱ እዚያው ቁጭ ብላ አገኟት። ረጅምና ንጹሕ ጥፍሮቿን አዩ። ፊት ለፊቷ ምንም አላሏትም። ሳሌሃ በረንዳው ላይ ጫማዋን ስትፈልግ ግን ለልጃቸው ሲናገሩ ሰማች።

«ጥፍሯ ከሶላቷ የሚበልጥባትን ልጅ እኔ ምራቴ አልላትም።»

ሙዝደሊፋ መናኸሪያ ድረስ ተከትሏት ሄደ። «አንድ ነገር በዪኝ። እንደዚያ አይደለሁም በዪ።»

«እናትህ ልክ ናቸው» ብላው ሚኒባሱ ውስጥ ገባች።

እንዲህ ያለችው እውነቱን መናገር ሶላት አትሰግድም ከመባል የበለጠ የሚያሳፍር ስለመሰላት ነው። መንገዱን ሙሉ ቀኝ እጇን በግራዋ ሸፍና፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች።

*

ሙዝደሊፋም ብዙ ሳይቆይ የቡታጅራውን ሱቅ ለአጎቱ ልጅ አስረክቦ ወደ ወልቂጤ ተመለሰ። ስልኩን አላነሳችለትም። ከአንድ ወር በኋላ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ሳሎኑ በር ላይ ቆሞ የታሸገ ፖስታ ሰጣት።

«ሳሌሃ፣

ስልክ ስለማታነሺ በወረቀት ጻፍኩልሽ። እናቴ ያለችውን እንደሰማሽ አውቃለሁ። አፍሬአለሁ። አንቺ ደግሞ ልክ ናቸው ብለሽኝ ሄድሽ። እኔ ግን አንድ ዓመት ሙሉ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አይቼሻለሁ። ቀትር ላይ አዛን ሲል ሥራሽን ጥለሽ ወደ ቤትሽ ትሮጫለሽ። ሶላት የማይገዳት ሰው አዛን ሲል አትሮጥም።

የምትደብቂኝ ነገር አለ። አብረን ስንበላ ማንኪያ ትጠይቂያለሽ። ስጨብጥሽ እጅሽን ቶሎ ትነጥቂኛለሽ። የምትጸየፊኝ የመሰለኝ ቀን ነበር። እንደዚያ ከሆነ ንገሪኝና ይውጣልኝ። ሌላ ነገር ከሆነም ንገሪኝ። ምንም ይሁን ምን ካለማወቅ አይከፋም።

ሙዝደሊፋ»

መልስ ሦስት ጊዜ ጻፈች። የመጀመሪያው ስለ አየሩና ስለ ሥራ ብቻ አወራ። ሁለተኛው ውሸት ነበረበት። በሦስተኛው ወረቀት ላይ ስሙን ብቻ ጻፈች። ሦስቱንም ቀደደቻቸው። እውነቱን ልትጽፍ ባሰበች ቁጥር ወረቀቱን ሲያነብ ፊቱ ሲለወጥ ይታያት ነበር፤ መጸየፍ ይሁን ማዘን መለየት አልቻለችም፤ ሁለቱንም አልፈለገችም።

አሁን ፈቲሀ ስትደውል ግን እትዬ አደይ ሥራቸውን አቁመው መጡና አጠገቧ ተቀመጡ። ነገሩን ሁሉ አያውቁም፤ የሚያውቁት ልጅቷ ካለፈው አረፋ ወዲህ እንዳልሳቀች ነው።

«ሂጂ» አሏት። «ባይሆን እንኳ በእግርሽ ሄደሽ፣ በዓይንሽ አይተሽ ይለቅልሽ። እዚህ ሆነሽ ማልቀስ ሥራም አያሠራሽም።»

ዓርብ ጠዋት ሄደች። አገና ላይ መኪና መቀየር ነበረባት። ሚኒባሱ እስኪሞላ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ በገበያው የሚያልፉትን ልጃገረዶች አንድ በአንድ አየቻቸው። ይህቺ ትሆን? ወይስ ያቺ? አንዷ ጎመን ተሸክማ፣ በባዶ እጇ ላቧን ጠረገች። ጥፍሮቿ አጭርና ጤነኛ ነበሩ። ሳሌሃ ያቺን የማታውቃትን ልጅ በሕይወቷ በማንም ቀንታ በማታውቀው ልክ ቀናችባት።

*

የሐጂ ሳላሀዲን ግቢ ውስጥ ድንኳን እየተተከለ ነበር። ሐጃ ከድጄ ከበር ተቀበሏት። ሰላምታቸው ሙሉ ነው፤ የእናቷን ጤና ጠየቁ፣ መንገዱን ጠየቁ። ዓይናቸው ግን እጇ ላይ አርፎ ተመለሰ።

ፈቲሀ ክፍሏ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት። እጆቿ ከጥቂት ቀን በፊት በተቀባችው ሂና ጠቁረዋል። ሳሌሃ እጇን ይዛ አሸተተችው።

«ሂናው ላይ ምን ቀባሽበት?»

«የባሕር ዛፍ ዘይት። እንዲጠቁር ብለው።»

«ያረገፈው እሱ ነው። ዘይትና ሙጫ አይታረቁም። ተነሺ፣ በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠቢ።»

ታጥባ ስትመጣ ወዲያው አልጀመረችላትም። «ቆይ፣ ይድረቅ። ጥፍር ውሃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ያብጣል። እንዳበጠ ከለጠፍሽበት ሲደርቅ ይሟሽሽና ሙጫው ይላቀቃል።» ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ሙሽራው፣ ስለ ቀሚሱ አወሩ። ስለ ሙዝደሊፋ ሁለቱም አላነሱም።

ከዚያ ሳሌሃ የፈቲሀን ጥፍር ሥር የሸፈነውን ቆዳ በእንጨት ዘንግ ወደ ኋላ ገፋችላት። የጥፍሩን ፊት በሞረድ ቀስ አድርጋ አሻከረች፤ «አብረቅራቂ ነገር ላይ ምንም አይጣበቅም»። በአልኮል የራሰ ጥጥ እያንዳንዱን ጠረገች። ከሳጥኑ ውስጥ ጥፍሮቹን አንድ በአንድ እየለካች አሰለፈቻቸው።

«ከአዲስ አበባ ያስመጣሽው ሰፊ ነበር። ሰፊ ሲሆን ጫፉ ቆዳሽ ላይ ያርፋል፤ ቆዳሽ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይገፋዋል። ጠባብ ሲሆን በጎን ውሃ ይገባል። ልክሽ ይህ ነው።» ሙጫውን በጥፍሩም በፈቲሀ ጣትም ላይ ስስ አድርጋ ቀባች። ከሥሩ ጀምራ ወደ ጫፍ አስተኛችውና ተጫነችው። «ሠላሳ ቁጠሪ። ሳትቸኩዪ።»

ፈቲሀ እየቆጠረች በመሃል ቆመች። «ለሶላትስ?»

«አሁን ዉዱእ አለሽ አይደል? እስኪፈታ ትሰግጂበታለሽ። ሲፈታ የሞቀ ውሃ በሳሙና አድርጊና ዘፍዝፊው። አትጎትቺው፤ ጥፍርሽን ይዞ ይሄዳል። ከጎን ጀምረሽ በቀስታ አንሺው። ውስጡ የቀረውን ሙጫ ፍቂው፣ አድርቂው፣ በየጣትሽ ተራ ሳጥን ውስጥ አስቀምጪው። ከሰገድሽ በኋላ መልሰሽ ትለጥፊዋለሽ። እንዲህ ከያዝሽው አንዱ ጥፍር ብዙ ጊዜ ያገለግላል።»

«ይህን ሁሉ በየቀኑ የምታደርግ ሴት አለች?»

«አለች።»

«ማን ናት?» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

ሐጃ ከድጄ ነበሩ። መቼ እንደመጡ ሁለቱም አላዩም። ሳሌሃ የፈቲሀን ጣት እንደያዘች ቀረች። ይህኔ ከመስጊዱ የአስር አዛን ተሰማ። ሐጃ መጋረጃውን ይዘው ቆመዋል። መልሱን የሚጠብቁ ይመስላሉ፤ ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም፤ የጠየቁት ለማወቅ ነበር።

በአረፋው ዕለት ሳሌሃ ያመለጠችው ስለፈራች ነው። አሁንም ፈርታለች። ነገር ግን ከፍርሃቱ ይልቅ ድካሙ በለጠባት። ከወፍጮው ቀን ጀምሮ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ እጅ ሸፍኖ መኖር ያደክማል። ሙዝደሊፋ የሌላ ሴት ሊሆን ነው፤ ከዚህ በላይ የሚቀርባት ነገር የለም። ሶላት የማትሰግድ ተብላ መቅረት ግን አልፈለገችም።

«ሐጃ» አለች፣ «የሞቀ ውሃ በሳህን ባገኝ።»

ሐጃ ሄደው ራሳቸው አመጡላት። ሳሌሃ ሳሙና ጨመረችበትና ሁለቱንም እጆቿን ዘፈዘፈች። ጊዜ ይወስዳል። ውጭ ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች መዶሻ ይሰማል። ሐጃ መቆሙ ሲሰለቻቸው ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሳሌሃ ከግራ እጇ ጀመረች፤ አንዱን አነሳች፣ ሁለተኛውን። ቀኝ እጇ ጋ ስትደርስ አውራ ጣቷንና ትንሿን ጣቷን አስቀደመች። ከዚያ ሦስቱ ቀሩ። ነቅላቸው ሳህኑ ዳር አስቀመጠቻቸው፤ እጇንም አልሸሸገችም።

ፈቲሀ ጎንበስ ብላ አየች።

«ምን ሆነሽ ነው?» አሉ ሐጃ። ድምፃቸው ወርዶ ነበር።

«የወፍጮ ቺንጋ ነው። ልጅ ሆኜ።»

«ያን ዕለት… በአረፋው…»

«መንቀሉ ጊዜ ይፈልጋል። ሰው ፊት መንቀል ደግሞ አቃተኝ። ቤቴ ገብቼ ያመለጠኝን ሶላት ቀዳ አድርጌ ሰገድኩ።»

ሐጃ ከድጄ ለረጅም ጊዜ ጣቶቹን አዩ። ሳሌሃ ዓይናቸውን ትጠብቅ ነበር፤ ፈገግ ይሉ እንደሆነ፣ ፊታቸውን ያዞሩ እንደሆነ። እሳቸው ግን ተነሱ። ጥግ ላይ የነበረውን ማንቆርቆሪያ አነሱና ፊት ለፊቷ በርከክ አሉ። ሐጂ የሚባል ባል ያላቸው፣ እንግዳ ተቀባይ እንጂ አስታጣቢ ሆነው የማያውቁ ሴት ናቸው።

«እጅሽን አምጪ» አሉ። «ቢስሚላህ በዪ።»

ውሃው በእነዚያ ሦስት ጣቶች ላይ ወረደ። ከእናቷ ቤት ውጭ፣ ሰው እያየ፣ ውሃ ነክቷቸው አያውቅም። ሳሌሃ ከንፈሯን ነክሳ ብትችለውም እንባዋ ከዉዱኡ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ሳህኑ ውስጥ ወረደ።

ሦስቱም ጎን ለጎን ሰገዱ። ሲያበቁ ሐጃ ከምንጣፉ አልተነሱም።

«አፉ በዪኝ» አሉ። «አምቼሻለሁ። ለልጄ ብቻም አይደለም፤ ለጎረቤት ተናግሬአለሁ፣ ለእህቶቼ ተናግሬአለሁ። የነገርኳቸውን ሁሉ ሄጄ እመልሳለሁ።»

«አፉ ብያለሁ፣ ሐጃ። ስለ ጣቴ ግን ባይነግሩልኝ።»

«ስለ ጣትሽ አልናገርም፣ ልጄ። የምናገረው ስለ ምላሴ ነው።»

ልጄ አሏት። ሳሌሃ ቃሉን ሰምታ፣ በትክክል ሰምታ እንደሆነ ለማረጋገጥ ፈቲሀን አየቻት። ፈቲሀ በግማሽ እጅ ጥፍር ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

*

ሙዝደሊፋ ድንኳኑ ሥር ወንበር እየደረደረ ሳለ ፈቲሀ ከመስኮት ጠራችው። ሳሌሃ በረንዳው ላይ ቆማለች። ጥፍሮቿን መልሳ አልለጠፈችም። ሲመጣ አየችው፤ ከስቷል፤ ፂሙን አሳድጓል። ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

«መጣሽ» አለ።

«ለፈቲ ነው።» ከዚያ ቀኝ እጇን ዘረጋችለት። ለመጨበጥ አልነበረም፤ እንዲያየው ነው። «የጠየቅከኝ ይህ ነው።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ደብዳቤውን ስትቀድ የፈራችውን ነገር በፊቱ ላይ ፈለገች፤ አላገኘችም። ግራ የገባው ሰው ፊት ነበር።

«ይህ ብቻ ነው?»

«ብቻ?»

«እኔ ባል ያለሽ መስሎኝ ነበር» አለ ሙዝደሊፋ። «ዓረብ አገር ያለ ባል። አንዳንዴ ደግሞ ታማ ይሆናል እላለሁ፤ ሞትሽን ሁሉ አስቤአለሁ። እንቅልፍ አጥቼ…» አቆመና ግንባሩን በመዳፉ ይዞ ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቱን ወደ ድንኳኑ አዞረ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም ሳሌሃ? እንደዚህ ታናሽ አድርገሽ ነው ያየሽኝ?»

«ልጆቹ ጅቢት ይሉኝ ነበር። ቡታጅራ ያ ስም ከተረሳ ስንት ጊዜው። አንተ ጋ ይዤው መምጣት አልፈለግኩም።»

«ያ ስም እኔ ጋ አይመጣም።»

«አሁንማ አወቅሁ።»

«እና ማንኪያው?»

«ሙጫው ትኩስ ወጥ አይወድም።»

ይህኔ ሁለቱም ሳቁ። ለአንድ ዓመት ተጸየፈችኝ ያሰኘው ነገር ትኩስ ወጥ መሆኑ እንደገና እንደገና አሳቀው።

«አገና?» አለች ሳሌሃ፣ ሳቋ ሲያልቅ። ለመጠየቅ ጉልበት ፈልጋ ነበር።

«እኔ እሺ አላልኩም። እማ ብቻዋን ነው የምታሰናዳው። ሽማግሌው ቢሄድም ሙሽራው አይገኝም ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት አገና ላይ ያየሁዋቸውን ልጆች ሁሉ ጠልቼ ነው የመጣሁት።»

«ሁሉንም?»

«አንዷን በተለይ። ጎመን ተሸክማ ነበር።»

እጇን እንደገና አየ። «ልንካው?»

«ኒካሕ ሳይታሰር?» አለችና እጇን ወደ ደረቷ ሰበሰበች። ዛሬ ግን የሰበሰበችው ለመደበቅ አልነበረም፤ ሁለቱም አውቀዋል።

«ከእንግዲህ መለጠፉን ትተዪዋለሽ?»

«ለምን እተወዋለሁ? ሥራዬ ነው። ደግሞ ያምርብኛል።»

«በጣም» አለ ሙዝደሊፋ። ወንበሩን ሊደረድር ሲመለስ አንዱን ገልብጦ አስቀመጠው፤ ሳያየው አለፈ። ሳሌሃ ከበረንዳው ሆና ሳትጠራው አየችው።

*

ሠርጉ በሰላም አለፈ። ፈቲሀ ሙሽራው ቤት ከገባች በኋላ ሰኞ ጠዋት ደውላ አሥሩም ጥፍሮቿ እንዳሉ ነገረቻቸው፤ ሁለት ጊዜ ነቅላ ሰግዳ መልሳ ለጥፋለች፤ የባሏ እህቶች የሠሪዋን ቁጥር ስጪን እያሉ ናቸው።

ሳሌሃ ቦርሳዋን ይዛ ልትሰናበት ስትል ሐጃ ከድጄን እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ከባላቸው ጋር ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«የአገናው ሽማግሌ ቀርቷል። ለእናትሽ ደውይልኝ» አሏት።

ደውላ ሰጠቻቸው። እናቷ ገበያ ላይ ናቸው፤ ድምፁ በጩኸት ታጅቦ ከሐጃ ጆሮ ውጭም ይሰማል። ሐጃ ማን እንደሆኑ ነገሯቸው።

«ልጄ ምን አጠፋች?» አሉ የሳሌሃ እናት።

«ልጅሽ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሷ አፉ ብላኛለች፤ አንቺ ደግሞ ስመጣ ትዪኛለሽ። በሚመጣው ጁምዓ ከሐጂና ከሽማግሌዎቻችን ጋር እንመጣለን። ለመልካም ነገር ነው።»

ከዚያ የሳሌሃ እናት፣ ብቻቸውን ቆጮ ሸጠው ልጅ ያሳደጉት ሴት፣ በተሰባበረ ድምፅ «ቤቱ ጠባብ ነው» አሉ። «ጠባብ ነው እንጂ ኑ። ኑ፤ እንጠብቃችኋለን።»

«ጠባብ ቤት ሰው ያቀራርባል» አሉ ሐጃ።

ስልኩ ሲዘጋ ሳሌሃ «አላህ ይስጥልኝ፣ ሐጃ» አለች። ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ሐጂ ሳላሀዲን ደንግጠው «ምን ሆነች?» አሉ።

«ምንም» አለች ሳሌሃ፣ እያለቀሰችና እየሳቀች። «ጉልበቴ ነው የከዳኝ።»

ሰው ከሐዘን ብቻ እንደማይወድቅ፣ ሸክም ሲወርድለትም እግሩ እንደሚብረከረክ ያን ዕለት አወቀች።